ኮፍያው አናቱ ላይ አልዘጋ ያለው ለምንድን ነው?

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጇ። የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፤ አሁን ሚኒሶታ ከልጄ ጋር ነው የምኖረው። ሹራብ የተማርኩት በልጅነቴ ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ፣ እጇን እያየሁ ነው። ለሦስት ልጆቼ ካልሲውንም ኮፍያውንም እኔው ሠርቻለሁ። አሁን ልጄ ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። አንዲት አሜሪካዊት ጎረቤታችን ክርና የሕፃን ኮፍያ ፓተርን፣ አሠራሩ የተጻፈበትን ወረቀት ማለት ነው፣ ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ፊደልና ቁጥር የተደበላለቀበት ነው፤ የልጄ ባል በስልኩ ሲያስተረጉመው ደግሞ ይባስ ብሎ ቅኔ ሆነ። እንደምንም ጀመርኩት። ኮፍያው እንደ እጅጌ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ እንጂ አናቱ አልዘጋ አለ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ልጄ ‹ተይው እማዬ፣ እንገዛለን› ትለኛለች። እኔ በእጄ የሠራሁትን ነው ማልበስ የምፈልገው። የወረቀቱን ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ እባክሽ እርጂኝ።»

እናቴ፣ በመጀመሪያ ልጅዎን ማርያም በሽልም ታውጣልዎት።

ኮፍያውን አትግዙ፤ ይሠራል። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። የእርስዎ እጅ ምንም አልተሳሳተም። ኮፍያውን ያስቸገረው አንዲት ምህጻረ ቃል ናት፤ እሷም «ኬ2ቶግ» የምትለው። (ፊደሎቹን እዚህ እንደሚነበቡት በአማርኛ ነው የምጽፋቸው፤ ወረቀቱን አጠገብዎ አድርገው እያስተያዩ ያንብቡ። የልጅዎ ባልም ቢቀመጥ ጥሩ ነው።)

የሆነው እንዲህ ይመስለኛል። «ኬ2» የምትለውን ከታች፣ እንደ ላስቲክ የሚሳበውን ጠርዝ ሲሠሩ ለምደዋታል፤ መርፌው ላይ ከተሰኩት ቀለበቶች ሁለቱን ይሥሩ ማለት ናት። ስለዚህ «ኬ2ቶግ» ላይ ሲደርሱም ሁለቱን አንድ በአንድ ሠሯቸውና «ቶግ» የምትለዋን አለፏት። «ቶግ» ግን አንድ ላይ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ቁራጭ ናት። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይውጉና እንደ አንድ ይሥሯቸው ነው የሚልዎት። ሁለት ገብተው አንድ ሆነው ይወጣሉ። ይህ ኮፍያ የሚጠበው በእሷ ብቻ ነው፤ እሷ ከተዘለለች በ72 ቀለበት ተነሥተው በ72 ይቀጥላሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቢሠሩም አናቱ አይዘጋም።

ስልኩ ለምን ቅኔ እንዳደረገው ልንገርዎት። ስልክ ቃል ነው የሚተረጉመው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን የእጅ እንቅስቃሴ ነው። እኛ «ወ/ሮ» የሚል ስናይ ወይዘሮ ብለን እናነባለን እንጂ ፊደሎቹን አንቆጥርም፣ «ት/ቤት» ሲልም እንደዚያው። ከዚያም የሚቀርብ አለ፤ የድጓ ምልክት። ከመስመሩ በላይ በትንሹ የተጻፉ አንድ ሁለት ፊደላት አሉ አይደል? ደብተራው እነሱን ሲያይ የሚያነበው ፊደሉን አይደለም፤ ድምፁ ወዴት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ነው። ዜማውን አስቀድሞ ያውቀዋል፣ ፊደሉ ያስታውሰዋል። የሹራብ ወረቀትም ልክ እንዲሁ ነው የሚሠራው። እርስዎ ዜማውን ያውቁታል። የቀረዎት ፊደሉን ከእጅዎ ጋር ማስተዋወቅ ብቻ ነው፣ ለዚያ ደግሞ እንግሊዝኛ መቻል አያስፈልግም፤ መቁጠር ከቻሉ ይበቃል።

እናቶቻችን ያስተማሩን በእጅ እንጂ በስም ስላልሆነ፣ እኔ የምጠራበትን ልንገርዎትና በእሱ እንግባባ። መርፌው ላይ የተሰካችውን እያንዳንዷን ቀለበት «ዓይን» እላታለሁ፣ እንደ መረብ ዓይን። ወረቀቱ «ኤስቲ» ይላታል፣ ሲበዙ «ኤስቲኤስ»። እናትዎ ሌላ ስም ይጠሯት ከነበረ በዚያው ይጥሯት፤ ለእኔም ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፣ እንዲህ ያሉ ቃላት እንዲጠፉ አልፈልግም።

«ኬ» ቀጥታው ናት። ክሩ ከኋላ ሆኖ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ ሲገባ የሚሠራው፣ ወደ እርስዎ የዞረው ገጽ ላይ ለስላሳውን የሚያወጣው። «ፒ» ግልብጧ ናት፤ ክሩ ከፊት ሆኖ ትንሽ ጉብታ የምትተወው። ሁለቱን ከያዙ የወረቀቱን አብዛኛውን ያዙ፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው። «ኬ2፣ ፒ2» ሲል ሁለት ቀጥታ ሁለት ግልብጥ ማለት ነው፤ ያ የሚሳበው ጠርዝ እሱ ነው፣ እሱን አሳምረው ሠርተዋል፣ ፎቶው ላይ አይቻለሁ። «ሲኦ» መጀመሪያ ዓይኖቹን መርፌው ላይ መደርደር ነው። «ቢኦ» መጨረሻ ላይ መዝጋት ነው፤ የእርስዎ ኮፍያ ላይ የለም፣ እንዳይፈልጉት።

መቀነሻዎቹ ሁለት ናቸው ቢባል ይቀላል። አንዷን አወቋት፣ ኬ2ቶግ። ሌላዋ «ኤስኤስኬ» ናት፤ ሁለቱን ዓይን አንድ በአንድ ሳይሠሩ ወደ ቀኝ መርፌ ያሳልፏቸዋል፣ ከዚያ የግራውን መርፌ ከፊታቸው አስገብተው አንድ ላይ ይሠሯቸዋል። ሁለቱም አንድ ዓይን ነው የሚቀንሱት። ታዲያ ለምን ሁለት ሆኑ? ኬ2ቶግ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፣ ኤስኤስኬ ወደ ግራ። ሹራብ ሲሠሩ የአንገቱ ግራና ቀኝ እኩል ዘንበል እንዲል ሁለቱንም ይፈልጓቸዋል። ለኮፍያዎ አንዷ ትበቃለች።

መጨመሪያ ደግሞ «ዋይኦ» አለች። ክሩን በቀኙ መርፌ ላይ ጣል ያደርጉታል፣ ያቺ ጣል የተደረገች ክር አዲስ ዓይን ትሆናለች፣ ከሥሯ ግን ቀዳዳ ይቀራል። ቀዳዳው ስሕተት እንዳይመስልዎት፤ የተፈለገው እሱ ነው። ዳንቴል የሚመስለው ሹራብ ሁሉ ከእሷ ነው የሚመጣው። «ዋይኦ፣ ኬ2ቶግ» ተከታትለው ሲያዩ አንድ ጨምሮ አንድ ቀነሰ ማለት ነው፤ ቁጥሩ እንዳለ ይቆያል፣ ቀዳዳ ብቻ ይገኛል። ለሕፃን ሹራብ የቁልፍ ቀዳዳ የሚሠራውም በእሷ ነው። ቀዳዳ የማይፈልጉ ሲሆን «ኤም1» ወይም «ኬኤፍቢ» የሚባሉ መጨመሪያዎች አሉ፣ ሹራቡን ሲጀምሩ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ወደሚያሳስቱት ልግባ፤ ብዙ ሰው ፓተርን የሚጠላው በእነዚህ ነው።

«አርኤስ» እና «ደብሊውኤስ» የሚሉ አሉ። ስልኩ የመጀመሪያውን «ቀኝ ጎን»፣ ሁለተኛውን «የተሳሳተ ጎን» ብሎ ነው የተረጎመልዎት። ሁለቱንም ይተዉት። ፊትና ጀርባ ማለት ነው፤ የጨርቁ ፊት፣ ሰው የሚያየው፣ እና ወደ ውስጥ የሚሆነው ጀርባው። ከቀኝም ከግራም ጋር አይገናኝም።

ቀጥላ ያለችው «1ኤስቲ» ናት። ተጠግታ ከተጻፈች አንደኛ ማለት ነው፤ አንደኛ መስመር፣ አንደኛ ዙር። ተራርቃ «1 ኤስቲ» ከሆነች አንድ ዓይን ናት። የአንዲት ባዶ ቦታ ልዩነት ነው። «ኤስቲ ኤስቲ» ብሎ ሁለት ጊዜ ከደገመ ደግሞ ዓይን ዓይን ማለቱ አይደለም፤ ፊቱ ለስላሳ ጀርባው ጉብታ የሆነው የተለመደው ሹራብ ስም ነው። ወዲያና ወዲህ እያሉ ሲሠሩት ከፊት በኩል ቀጥታ፣ ከጀርባ በኩል ግልብጥ ይሠራሉ። በክብ ሲሠሩ ግን ፊቱ ሁልጊዜ ወደ እርስዎ ስለሆነ ዝም ብለው ቀጥታ ብቻ ይሠራሉ። ካልሲ የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፣ ስሙን ነው የማያውቀው።

ቅንፉስ? «ሲኦ 72 (80፣ 88)» የሚለው የሦስት ልክ ነው። መጀመሪያ ያለው ትንሹ ልክ ነው፣ ለአዲስ ተወላጅ፤ ቅንፍ ውስጥ ያሉት ከፍ ላሉት። አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው በእሱ ይሂዱ። የእርስዎ 72 ነው፤ በየቦታው ከቅንፉ ውጭ ያለውን የመጀመሪያውን ቁጥር በእስክሪብቶ ያክብቡት፣ የቀረውን ይርሱት። ወረቀቱ በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዓይን ይላል። 72 ዓይን ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የአዲስ ተወላጅ ጭንቅላት ዙሪያ ወደ 35 ነው፣ ሹራቡ ደግሞ ይሳባል። ስለዚህ ልኩ ትክክል ነው።

ወረቀቱ ላይ ያለችው ኮከብ (*) የማባዣ ምልክት አይደለችም። «እዚህ ጋ ተመለሺ» የምትል ምልክት ናት፤ ከኮከቧ የጀመሩትን ሠርተው ሲጨርሱ እንደገና ወደ ኮከቧ ይመለሳሉ። «ሬፕ» ድገሚ ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ «8 ጊዜ» ሲልና «7 ጊዜ ጨምረሽ» ሲል ውጤቱ እኩል ነው፣ በሁለተኛው የመጀመሪያዋ ሳትቆጠር ስለሚደግሙ። ስንቱ ሰው በዚህ ተሳስቶ መሰለዎት ዙሩ መጨረሻ ላይ ዓይን የሚተርፈው ወይም የሚጎድለው።

እነዚህ ፊደላት ከየት መጡ ብለው ጠይቀው ይሆናል። የሹራብ አሠራር በእንግሊዝኛ በብዛት መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ነው። ስኮትላንድ ኤድንበርግ ውስጥ ጄን ጎጌይን የምትባል ሴት ነበረች፤ የክር ሱቅ ነበራት፣ የእጅ ሥራ መጽሐፏን በ1840 አሳተመች፣ እንቅስቃሴዎቹንም በአጫጭር ፊደላት ትጽፋቸው ነበር። በየሥራው ያንኑ ረጅም ዓረፍተ ነገር እየደጋገሙ ከመጻፍ ያሳጥራል። ሌሎቹ ጸሐፊዎችም የየራሳቸውን ፊደል ይጠቀሙ ነበር፤ ስለዚህ የአንዱ መጽሐፍ ለሌላው ቁልፍ አይሆንም። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የክር ነጋዴዎችና አምራቾች ማኅበር የሆነው ክራፍት ያርን ካውንስል የተለመዱትን በዝርዝር አስቀምጧል፣ አብዛኛው ሰው እሱን ይከተላል። ቢሆንም ፓተርን ጻፊዋ የራሷን ልትጨምር ትችላለች። ስለዚህ አዲስ ወረቀት ሲያገኙ ክር ሳይነኩ በፊት የፊደሎቹን ፍቺ ይፈልጉ፤ መጀመሪያ ገጽ ላይ ወይም መጨረሻው ላይ ነው የሚቀመጠው። የእርስዎ ወረቀት ጀርባው ላይ ነበረው፣ ፎቶው ጥግ ላይ በትንሹ ይታያል።

ከየት አገር እንደመጣም ይጠይቁ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰዎች ቋንቋቸው አንድ ቢሆንም በዚህ ጉዳይ አይስማሙም። መርፌውን እንኳ ይውሰዱ። በአሜሪካ ቁጥር 8 መርፌ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በድሮው የእንግሊዝ ቁጥር 8 ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ነው፣ እዚያ ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ለዚህ ነው ቁጥሩን ትቼ ሚሊ ሜትሩን ብቻ የምይዘው፤ የእርስዎ ኮፍያ በ4 ሚሊ ሜትር ነው።

ኪሮሽ ላይ ደግሞ ይብሳል። እኔ ለእህቴ ልጅ ብርድ ልብስ ስሠራ ደርሶብኛል። ወረቀቱ «ዲሲ» ይላል፣ እኔ በአሜሪካው ለምጄ ስለነበር ረጅሙን ሠራሁ። የእንግሊዝ ወረቀት ነበር። እነሱ ዲሲ የሚሉት አሜሪካኖቹ «ኤስሲ» የሚሉትን አጭሩን ነው፤ የአሜሪካው ዲሲ እነሱ ዘንድ ሌላ ስም አለው። ብርድ ልብሱ ላላ፣ ሸካፋ ሆነ፣ ክሩም ከግማሽ ትንሽ እንዳለፈ አለቀብኝ፤ ያንኑ ቀለም ሱቅ ለሱቅ ብዞር አላገኘሁትም። ሁለት ሳምንት የሠራሁትን ፈታሁ። ስለዚህ ዳንቴል ወይም ኪሮሽ ከሞከሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የየት አገር ነው?» ብለው ይሁን። ወረቀቱ ላይ ኤስሲ ካለ የአሜሪካ ነው፣ በእንግሊዙ አጠራር እሱ የለም።

አሁን ወደ አናቱ እንመለስ። መቁጠር ይበቃል ያልኩዎትን እዚህ ያዩታል።

ወረቀቱ «ኮከብ ኬ7፣ ኬ2ቶግ፤ ሬፕ እስከ መጨረሻ» ይላል። ከመሥራትዎ በፊት ያስሉት። ኬ7 ሰባት ዓይን ትበላለች፣ ኬ2ቶግ ሁለት። ድምሩ ዘጠኝ። 72 ለዘጠኝ ሲካፈል ስምንት፣ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ ንባብዎ ትክክል ነው፤ ስምንት ጊዜ ይደግሙታል። ስንት ይወጣል? በእያንዳንዱ ድግግሞሽ አንድ ስለሚቀንስ ስምንት ይቀንሳል፤ 64 ይቀራል። መርፌዎ ላይ 64 ካላገኙ ወደሚቀጥለው አይሂዱ፣ የሆነች ኬ2ቶግ አምልጣለች። እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ፍለጋ አይሂዱ፤ ቁጥሩ ራሱ ይነግርዎታል። እኔ እስከ ዛሬ ያልገባኝን ወረቀት የምፈታው እንዲህ ነው፤ ሁለት ዓይነት ንባብ ሲመጣብኝ ሁለቱንም አሰላለሁ፣ ሳይተርፍ ሳይጎድል ዙሩ ላይ የሚገጥመውን እይዛለሁ።

ከዚያ አንድ ዙር ዝም ብለው ቀጥታ ይሥሩ። «ኬ 1 አርኤንዲ» የሚለው እሱ ነው፣ አርኤንዲ ዙር ማለት ነው። ቀጥሎ ኬ6፣ ኬ2ቶግ፤ 56 ይቀራል። ደግሞ አንድ ባዶ ዙር። ኬ5፣ ኬ2ቶግ፤ 48። እንዲህ እያሉ 40፣ 32፣ 24፣ 16 እያለ በስምንት ስምንት ይወርዳል። የዙሩን መጀመሪያ እንዳይስቱ ሌላ ቀለም ያለው ክር ቋጥረው መርፌው ላይ ያንጠልጥሉ። ወረቀቱ ላይ «ፒኤም» የሚለው ይህንን ነው፤ የሚሸጥ ቀለበት አለው፣ ቁራጭ ክር ግን ያው ነው። «ኤስኤም» ሲል ምልክቷን ወደ ሌላው መርፌ አሳልፊያት ነው።

ዓይኖቹ እያነሱ ሲሄዱ በገመድ በተያያዘው መርፌ ላይ አልደርስ ይላሉ፣ ይሳባሉ። ያኔ «ዲፒኤን» ወደሚለው ይቀይሩ፤ ሁለቱም ጫፋቸው ሹል የሆነ አጫጭር መርፌዎች ናቸው። ካልሲ የሠሩባቸው። እነሱን እንዴት እንደሚይዟቸው እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

የመጨረሻው ዙር «ኬ2ቶግ» ብቻ ነው፣ እስከ ዙሩ መጨረሻ። 16ቱ 8 ይሆናሉ። ክሩን አንድ ስንዝር ያህል ትተው ይቁረጡት፣ በወፍራም የልብስ መርፌ በስምንቱም ዓይን ውስጥ ያሳልፉትና መርፌዎቹን እያወጡ ይሳቡት። አናቱ ያኔ ይዘጋል። ጫፉን ወደ ውስጥ አስገብተው በጀርባው በኩል በጉብታዎቹ መሐል ለመሐል እያሾለኩ ይሸሽጉት፤ ቋጠሮ አይተዉበት፣ የሕፃን አናት ላይ ነው የሚያርፈው።